የአውሮፓ ነገሥታት ዝምድና፦ ከዴንማርኩ ክርስቲያን 9ኛ ተነሥቶ ሲቆጠር

ጥያቄው፦ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩት የእንግሊዙ ጆርጅ 5ኛ፣ የጀርመኑ ቪልሄልም 2ኛ እና የሩሲያው ኒኮላስ 2ኛ ሦስቱም የአክስት ልጆች ነበሩ ይባላል። እውነት ነው? ንግሥት ኤልሳቤጥና ባለቤቷ ፊሊፕስ በምን ይዛመዳሉ? የዛሬዎቹ ነገሥታት ሁሉ የቪክቶሪያ ዘር ናቸው የሚባለውስ? የዘር ሐረጉን ራሴ ልሥራው ብል ከየት ልጀምር?»

አጭሩ መልስ ይኸው። ጆርጅ ለሁለቱም ሥጋ ዘመድ ነው፤ ከኒኮላስ ጋር የእህትማማች ልጆች፣ ከቪልሄልም ጋር የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። ቪልሄልምና ኒኮላስ ግን እርስ በርስ የአክስት ልጆች አይደሉም። ኤልሳቤጥና ፊሊፕ በሁለት መንገድ ይዛመዳሉ፤ ቀረብ የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የማያነሣው ነው። «ሁሉም የቪክቶሪያ ዘር ናቸው» የሚለው ስሕተት ነው። ሐረጉን ለመሥራት ብዙ ሰው ከቪክቶሪያ ይነሣል፤ እኔ የምመክረው ከዴንማርኩ ክርስቲያን 9ኛ እና ከሚስቱ ከሉዊዝ እንዲነሡ ነው። ከእነዚህ ባልና ሚስት የሚወጡት መስመሮች ቁጥራቸው ያነሰ፣ የሚደርሱበት ዙፋን ግን የበዛ ነው።

በመጀመሪያ አቆጣጠሩ። የጋራ የሆኑትን ባልና ሚስት ዜሮ ይበሏቸው፤ ልጃቸው 1፣ የልጅ ልጃቸው 2፣ እያሉ ወደ ታች ይውረዱ። በአንዱ በኩል ስንት፣ በሌላው በኩል ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፉ። 1 ለ 1 ወንድምና እህት ናቸው። 2 ለ 2 የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ናቸው። 3 ለ 3 የእነዚያ ልጆች ናቸው። ቁጥሮቹ ካልተካከሉ፣ ለምሳሌ 4 ለ 3 ከሆኑ፣ አንደኛው በአንድ ትውልድ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ነገሥታቱ በደብዳቤያቸው ቅርቡንም ሩቁንም፣ የጋብቻ ዘመዱንም ጭምር «ካዝን» (የአጎት ወይም የአክስት ልጅ) ይሉ ነበርና በአጠራራቸው አይመኑ፤ ቁጥሩን ያውጡ። ሁለት ሰዎች በሁለትና በሦስት መንገድ የሚዛመዱ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ይጻፉት እንጂ አንዱን መርጠው ሌላውን አይተዉ። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፉ እሱ ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ጋብቻዎች አብዛኞቹ በሰባት ቤት ሕግ የማያልፉ መሆናቸው ነው። ፕሮቴስታንቶቹ ቤተ መንግሥቶች 2 ለ 2 ጋብቻን አይከለክሉም ነበር፤ ካቶሊኮቹ በጳጳሱ ፈቃድ ያገቡ ነበር። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን 2 ለ 2ን አትፈቅድም። ታላቁ መስፍን ኪሪል በ1905 የአክስቱን ልጅ ቪክቶሪያ ሜሊታን ሲያገባ ኒኮላስ 2ኛ ማዕረጉን የገፈፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት ሴትዮዋ ከእቴጌይቱ ወንድም የተፋታች መሆኗ ነበር።

አሁን ወደ ኮፐንሃገን። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርስቲያን በ1818 ሲወለድ ይነግሣል ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም፤ የግሉክስቡርግ መስፍን አራተኛ ወንድ ልጅ ነበር። ዙፋኑን ያቀረበለት ጋብቻው ነው። በ1842 ያገባት የሄሰ ካሰሏ ሉዊዝ የዴንማርኩ ንጉሥ የክርስቲያን 8ኛ የእህት ልጅ ነበረች። የንጉሡ ልጅ ፍሬድሪክ 7ኛ ወራሽ ስላልነበረው የሉዊዝ እናት፣ ወንድምና እህቶች መብታቸውን ለሉዊዝ ለቀቁ፤ ሉዊዝ ደግሞ ለባሏ አስተላለፈች። በሜይ 8 ቀን 1852 የተፈረመው የለንደን ፕሮቶኮል ክርስቲያንን አልጋ ወራሽ አደረገው።

ከዚያ በኋላ 1863 መጣ። በማርች 10 ልጁ አሌክሳንድራ የእንግሊዙን አልጋ ወራሽ ኤድዋርድን በዊንድሶር አገባች። በማርች 30 የግሪክ ብሔራዊ ጉባኤ ገና 17 ዓመቱ የነበረውን ልጁን ቪልሄልምን ንጉሥ አድርጎ መረጠው፤ ስመ መንግሥቱም ጆርጅ 1ኛ ተባለ። ክርስቲያን ራሱ የነገሠው በኖቬምበር 15 ነው፤ ልጅ አባቱን ቀደመ ማለት ነው። ይኸው ነገር በ1905 ተደገመ፦ የልጅ ልጁ ካርል ሆኮን 7ኛ ተብሎ በኖርዌይ ሲነግሥ የካርል አባት ፍሬድሪክ 8ኛ ገና አልጋ ወራሽ ነበር። በነገራችን ላይ ካርል ዘውዱን ከመቀበሉ በፊት ሕዝብ ድምፅ ካልሰጠ አልሄድም ብሎ 259,563 ድጋፍና 69,264 ተቃውሞ ተቆጥሮለታል። በአውሮፓ ዘውድ ታሪክ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ተመራጭ ብዙ አይገኝም።

ስድስቱ ልጆች እነዚህ ናቸው፤ ወረቀትዎ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ያስፍሯቸው። ፍሬድሪክ 8ኛ (1843) የስዊድኗን ሉዊዝ አገባ፤ የዴንማርክ፣ የኖርዌይ፣ የቤልጂየምና የሉክሰምበርግ መስመሮች ከእሱ ይወጣሉ። አሌክሳንድራ (1844) የእንግሊዝ ናት። ጆርጅ 1ኛ (1845) የሩሲያዋን ኦልጋን አገባ፤ የግሪክ ቤተ መንግሥት፣ በእሱም በኩል ፊሊፕና የስፔኗ ሶፊያ ከዚህ ናቸው። ዳግማር (1847) በመጀመሪያ የታጨችው ለሩሲያው አልጋ ወራሽ ለኒኮላስ ነበር፤ እሱ በ1865 ኒስ ላይ ሲሞት በ1866 ወንድሙን፣ በኋላ አሌክሳንደር 3ኛ የተባለውን አገባች፤ ስሟም ማሪያ ፊዮዶሮቭና ሆነ። ቲራ (1853) የሃኖቨሩን ኤርንስት አውጉስት አገባች። ታናሹ ቫልዴማር (1858) የኦርሌያኗን ማሪን አገባ፤ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ አያስፈልግም። ክርስቲያንን «የአውሮፓ አማት» ያሰኘው ይህ ዝርዝር ነው።

የሦስቱ ነገሥታት ጉዳይ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የጆርጅ 5ኛ እናት አሌክሳንድራ፣ የኒኮላስ 2ኛ እናት ዳግማር ናቸው፤ ስለዚህ በክርስቲያን 9ኛ በኩል 2 ለ 2። ሁለቱ ፎቶግራፍ ላይ መንታ የሚመስሉት የእናቶቻቸው መልክ ስለያዙ ነው። የጆርጅ አባት ኤድዋርድ 7ኛና የቪልሄልም እናት (የቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ፣ እሷም ቪክቶሪያ) እህትና ወንድም ናቸው፤ ስለዚህ በንግሥት ቪክቶሪያ በኩል 2 ለ 2። ቪልሄልም ከክርስቲያን 9ኛ አይወለድም፣ ኒኮላስም ከቪክቶሪያ አይወለድም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሌላ ሰው ነው፦ የፕሩሲያው ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ። ከእሱ ወደ ካይዘሩ ሲወርዱ ቪልሄልም 1ኛ፣ ፍሬድሪክ 3ኛ፣ ቪልሄልም 2ኛ፤ ሦስት። ወደ ዛሩ ሲወርዱ የኒኮላስ 1ኛ ሚስት የሆነችው ሻርሎት፣ አሌክሳንደር 2ኛ፣ አሌክሳንደር 3ኛ፣ ኒኮላስ 2ኛ፤ አራት። 3 ለ 4 ነው። በዛር ጳውሎስ 1ኛ በኩል ደግሞ ሌላ 4 ለ 4 መስመር አለ፤ የካይዘሩ አያት አውጉስታ የጳውሎስ የልጅ ልጅ ነበረችና።

ታዲያ ሦስቱም የአክስት ልጆች ናቸው የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከኒኮላስ ሚስት ነው። አሊክስ (በኋላ አሌክሳንድራ ፊዮዶሮቭና) የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ የአሊስ ልጅ ስለሆነች ለካይዘሩም ለጆርጅም 2 ለ 2 ናት። የሚስትን ዝምድና ለባል መስጠት በሐረግ ሥራ ላይ የተለመደ ስሕተት ነው። ወረቀት ላይ የሥጋውን በቀጥታ መስመር፣ የጋብቻውን በነጠብጣብ ያስምሩ፤ ይህ ብቻ ከስሕተቱ ግማሹን ያስቀራል።

ኤልሳቤጥና ፊሊፕ። በቪክቶሪያ በኩል፦ ኤድዋርድ 7ኛ፣ ጆርጅ 5ኛ፣ ጆርጅ 6ኛ፣ ኤልሳቤጥ፤ በሌላው በኩል አሊስ፣ የሄሰዋ ቪክቶሪያ፣ የባተንበርጓ አሊስ፣ ፊሊፕ። 4 ለ 4። በክርስቲያን 9ኛ በኩል፦ አሌክሳንድራ፣ ጆርጅ 5ኛ፣ ጆርጅ 6ኛ፣ ኤልሳቤጥ፤ በሌላው በኩል ጆርጅ 1ኛ፣ የግሪኩ አንድሪው፣ ፊሊፕ። 4 ለ 3። ስለዚህ ቅርቡ የዴንማርኩ ነው፤ ፊሊፕ በዚህ መስመር ከአማቱ ከጆርጅ 6ኛ ጋር 3 ለ 3 ይሆናል። መጽሔቶች የቪክቶሪያውን ብቻ የሚያነሡት ስሟ ስለሚታወቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አንድ ሰው ወስደን በቅርበት ብናየው ነገሩ ሁሉ ይገለጣል። የኖርዌዩን ሃራልድ 5ኛን እንውሰድ፣ የ1937 ተወላጅ። በዘር ሐረግ ሥራ ላይ አንድ ጠቃሚ የቁጥር ዘዴ አለ፦ ሰውየው 1 ይባላል፤ የማንኛውም ሰው አባት የልጁ ቁጥር እጥፍ፣ እናት እጥፉ ሲደመር አንድ ነው። ስለዚህ ሃራልድ 1፣ አባቱ ኦላቭ 5ኛ 2፣ እናቱ ማርታ 3። ሆኮን 7ኛ 4፣ ሞድ 5፣ የስዊድኑ ካርል 6፣ ኢንገቦርግ 7። እዚህ ድረስ ሁሉም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ ግን ሆኮንና ኢንገቦርግ ወንድምና እህት ስለሆኑ ፍሬድሪክ 8ኛ 8ም 14ም ይሆናል፤ ሚስቱ ሉዊዝ 9ም 15ም። ኤድዋርድ 7ኛ 10፣ አሌክሳንድራ 11፣ የስዊድኑ ኦስካር 2ኛ 12፣ ሶፊያ 13። ስምንት ቦታ ላይ ስድስት ሰው ብቻ ቆመ።

አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይውጡ። ክርስቲያን 9ኛ የ8፣ የ11 እና የ14 አባት ስለሆነ 16፣ 22 እና 28 ላይ ይቀመጣል፤ ሚስቱ 17፣ 23 እና 29 ላይ። የስዊድኑ ካርል 15ኛ 18 እና 30፣ ሚስቱ 19 እና 31። አልበርትና ቪክቶሪያ 20 እና 21፤ ኦስካር 1ኛና ዦዜፊን 24 እና 25፤ የናሳው ቪልሄልምና ፓውሊነ 26 እና 27። ከ16 ቦታ ውስጥ የተለያዩት ሰዎች 10 ብቻ ናቸው። ካርል 15ኛ የኦስካር 1ኛ ልጅ ስለሆነ ደግሞ በቀጣዩ ደረጃ ላይ ኦስካር እንደገና ብቅ ይላል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ተሳስቻለሁ ብለው ሰርዘው እንደገና ይጀምራሉ። አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም የኖርዌይ ጋብቻዎች፣ የሆኮንና የሞድም፣ የኦላቭና የማርታም፣ 2 ለ 2 ናቸው።

የደም ቅርበቱን በቁጥር ማውጣት ከፈለጉ፦ የወላጆቹን ሁለት ቁጥሮች ደምረው አንድ ይጨምሩ፤ ግማሽን ያን ያህል ጊዜ በራሱ ያባዙ፤ የጋራዎቹ ባልና ሚስት ሁለት ስለሆኑ ውጤቱን በ2 ያባዙ። 2 ለ 2 ሲሆን 1/16 ይመጣል፣ ማለትም 6.25 በመቶ። 3 ለ 3 ሲሆን 1/64። ኦላቭና ማርታ በፍሬድሪክ 8ኛ 2 ለ 2፣ በአሌክሳንድራና በፍሬድሪክ ወላጆች 3 ለ 3፣ በኦስካር 1ኛ 4 ለ 3 ናቸው፤ የሦስቱ መስመሮች ድምር 11/128፣ ወደ 8.6 በመቶ ነው። ለማነጻጸር፣ በ1700 የሞተው የስፔን ሃብስቡርጉ ካርሎስ 2ኛ ወደ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ወንድምና እህት እርስ በርስ ቢወልዱ ልጃቸው ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። የኤልሳቤጥና የፊሊፕ ልጅ የቻርልስ 3ኛ፣ ከላይ ባየናቸው ሁለት መስመሮች ሲሰላ፣ 3/256 ብቻ ነው። ሃራልድ በ1968 የነጋዴ ልጅ የሆነችውን ሶንያን ሲያገባ ደግሞ ለልጆቹ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። ይህ ቁጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚጠራቀም ዕዳ አይደለም፤ የሚለካው የአባትና የእናት ዝምድና ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም ያለመርጋት ሕመም፣ የመጣው በዘመዳሞች ጋብቻ ነው የሚለው። አይደለም። ሕመሙ በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ ነው፤ ተሸካሚ እናት ብቻዋን ለወንድ ልጇ ታስተላልፈዋለች፤ አባትየው ዘመድ ሆነ ባዳ ለውጥ የለውም። ከቪክቶሪያ ወደ ልጇ ሊዮፖልድ በቀጥታ፣ በአሊስና በአሊክስ በኩል ወደ ሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ፣ በቤያትሪስና በቪክቶሪያ ዩጂኒ በኩል ወደ ስፔን ሄደ። ኤድዋርድ 7ኛ ሕመሙ ስላልነበረበት የዛሬው የእንግሊዝ መስመር ከእሱ ነፃ ነው። በ2009 በሩሲያ ነገሥታት ቤተሰብ በሮማኖቮች አፅም ላይ የተደረገው የዘረመል ምርመራ ዓይነቱ ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑን አሳይቷል።

የዛሬዎቹ ዙፋኖች እንዴት እንደሚገናኙ ደግሞ በፍጥነት። የዴንማርኳ ማርግሬተ 2ኛ በፍሬድሪክ 8ኛ፣ በክርስቲያን 10ኛና በፍሬድሪክ 9ኛ በኩል ከክርስቲያን 9ኛ አራተኛ ናት፤ ልጇ ፍሬድሪክ 10ኛ አምስተኛ። የቤልጂየሙ ፊሊፕ በኢንገቦርግ፣ በአስትሪድና በአልበርት 2ኛ በኩል አምስተኛ ነው፤ አስትሪድ የማርታ እህት ናት። የአስትሪድ ልጅ ዦዜፊን ሻርሎት የሉክሰምበርጉን ዣን አግብታለች። ስፔን በሶፊያ በኩል ሁለት ጊዜ ትገባለች፦ አባቷ ጳውሎስ የጆርጅ 1ኛ የልጅ ልጅ፣ እናቷ ፍሬደሪካ የቲራ የልጅ ልጅ። የፍሬደሪካ ወላጆች ሰርግ በሜይ 1913 በርሊን ላይ ሲደገስ ጆርጅ፣ ኒኮላስና ቪልሄልም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተገኝተዋል። ፕሩሲያ በ1866 ሃኖቨርን ስለወሰደች የፕሩሲያና የሃኖቨር ቤቶች ተኳርፈው የቆዩ ነበሩ፤ ሰርጉ ያንን ቂም አበረደ።

ስዊድን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርል 16ኛ ጉስታፍ በአባቱም በእናቱም ከቪክቶሪያ ይወለዳል፤ ከክርስቲያን 9ኛ ግን አይወለድም። የእናቱ የሲቢላ እናት ከግሉክስቡርግ ቤት ናት፣ ነገር ግን የክርስቲያን ወንድም ዘር ናት። ኔዘርላንድስ ከሁለቱም የለችበትም፤ «ሁሉም የቪክቶሪያ ዘር» የሚለው የሚፈርሰው እዚህ ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ የሚያጋጥምዎት እንቅፋት ከዝምድናው ይልቅ የስሙ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ሉዊዝ የምትባል ሁለት፣ ቪክቶሪያ የምትባል አምስት ሴት አለች። እያንዳንዱን ስም ከትውልድ ዓመቱ ጋር ይጻፉ። ዙፋን ወይም ሃይማኖት ስም ይቀይራል፤ ዳግማር፣ አሊክስ፣ የክርስቲያን ልጅ ቪልሄልምና ካርል ከላይ እንደታየው ሁሉም ሁለት ስም አላቸው፤ ኦላቭም ሲወለድ አሌክሳንደር ነበር። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያውን ስም ይያዙ፣ ሌላውን ከጎኑ ያስፍሩ።

የቤት ስም ሌላ ወጥመድ ነው። ዊንድሶር የሚለው ጆርጅ 5ኛ በጁላይ 17 ቀን 1917 በጦርነቱ ምክንያት ያወጀው ስም ነው፤ ባተንበርግም በዚያው ዓመት ማውንትባተን ሆነ። በወንድ መስመር ብቻ ከተቆጠረ ቻርልስ 3ኛ በፊሊፕ፣ በአንድሪውና በጆርጅ 1ኛ በኩል የክርስቲያን 9ኛ ዘር ስለሆነ ግሉክስቡርግ ነው። የዴንማርኩ ፍሬድሪክ 10ኛ ግን አባቱ ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፔዛ ስለሆነ በዚያ ሚዛን ግሉክስቡርግ አይባልም፤ ቤቱ ስሙን እንደያዘ ቢቀጥልም። ስለዚህ ሐረጉ አናት ላይ የወንድ መስመር ብቻ ነው የተቆጠረው ወይስ ሁሉም፣ ለይተው ይጻፉ።

ዘመን አቆጣጠር ላይ ደግሞ የአማርኛ አንባቢ ሦስት ነገር ያጋጥመዋል። ሩሲያ እስከ 1918፣ ግሪክ እስከ 1923 በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር ስለነበሩ የሩሲያ ቀኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12፣ በ20ኛው 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ፊሊፕ ኮርፉ ላይ ሲወለድ የተመዘገበው ሜይ 28 ቀን 1921 ነው፤ በአዲሱ ጁን 10 ይሆናል፤ በእኛ ደግሞ ሰኔ 3 ቀን 1913 ዓ.ም.። አንዱን ሰው በእኛ፣ ሌላውን በአውሮፓ ዘመን ካስገቡ ሰባትና ስምንት ዓመት ይዛባና ልጅ ከእናቱ ሰርግ በፊት የተወለደ ይመስላል። ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ይሙሉ፤ የአሮጌውን ቀን ከፈለጉ በተለየ ዓምድ ያስቀምጡት።

ሐረጉ ኔዘርላንድስንም ጨምሮ ሰባቱን መንግሥታት፣ እንግሊዝን፣ ዴንማርክን፣ ኖርዌይን፣ ስዊድንን፣ ቤልጂየምን፣ ስፔንን፣ አንድ ላይ እንዲይዝ ከፈለጉ ወደ ላይ ርቀው የኦራኙን መስፍን ዮሃን ቪለም ፍሪሶን ይያዙ። በ1687 ተወለደ፤ በጁላይ 14 ቀን 1711 ሙርዳይክ ላይ ጀልባው ተገልብጦ ሰጠመ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሴትዋ አማሊያና እሱ ከሞተ ከሳምንታት በኋላ የተወለደው ቪለም 4ኛ። የሰባቱም ነገሥታት መስመር ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ በኩል ያልፋል፤ ከቪለም ይጀምሩ፣ የኔዘርላንድስ መስመር ከዚያ በቀጥታ ይወርዳልና።